ለከፍተኛ ጉልበት አውቶሞቢሎች ትክክለኛውን የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ስለመምረጥ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በባለንብረቶች እጅ የሚገኙትን ተሽከርካሪዎች ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በተለይ ቱርቦ የተገጠመላቸውና በከፍተኛ ዙር የሚሠሩ ሞተሮች የሚፈልጉት የዘይት ዓይነት በጥብቅ የተወሰነ ነው። የማይስማማ ዘይት የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በዕለቱ ሳይሆን ከወራት በኋላ በመሆኑ፣ ባለንብረቶች ከመግዛታቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያውቁ ይህ መረጃ ተዘጋጅቷል።

1. መነሻው የአምራቹ መመሪያ ነው

የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ሁለት ነገሮችን ይገልጻል፤ እነርሱም የዘይቱ የውፍረት ቁጥርና የጥራት ደረጃ ናቸው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። አውቶሞቢሉ ያገለገለ ሆኖ መመሪያው ከሌለ በሞተሩ ዘይት መሙያ ክዳን ላይ ወይም በኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ይህም ካልተገኘ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ይዘው የአምራቹን ወኪል ይጠይቁ።

2. የውፍረት ቁጥር ትርጉም

በዘይት ዕቃ ላይ «5ደብሊው-30» የሚል ጽሑፍ ሲኖር፣ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ ሞተሩ ሳይሞቅ በቅዝቃዜ የሚኖረውን የመፍሰስ ችሎታ፣ ሁለተኛው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። የ5ደብሊው ዘይት የቅዝቃዜ ፍተሻ የሚደረገው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ፣ የ10ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ25 ዲግሪ ነው። የአገራችን ከተሞች ቅዝቃዜ ከዚህ እጅግ የራቀ ስለሆነ፣ በእኛ ሁኔታ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ጉልበት ያለው ሞተር ሁሉ ወፍራም ዘይት ይፈልጋል የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። የቀድሞው ቢ.ኤም.ደብሊው ኤም3 (ኢ46) 10ደብሊው-60፣ ኒሳን ጂ.ቲ.-አር (አር35) 0ደብሊው-40፣ ቶዮታ ጂ.አር. ያሪስ ደግሞ 0ደብሊው-20 እንዲሞላላቸው አምራቾቻቸው ወስነዋል። ዘይቱ ከሚገባው በላይ ከወፈረ በጠባብ መተላለፊያዎች በበቂ ፍጥነት አይደርስም፤ ከሚገባው በላይ ከቀጠነ ደግሞ በሚፋተጉ ብረቶች መካከል የሚኖረው መከላከያ ሽፋን ይሳሳል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ ተመሳሳይ ግፊት ለመፍጠር በባሕር ጠለል አቅራቢያ ከሚያደርገው ይልቅ በፍጥነት መዞር ይኖርበታል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችልና በሞተሩ ዘይት የሚለሰልስ ነው። ስለዚህ ከፍታው የውፍረት ቁጥር ለመለወጥ ምክንያት ባይሆንም፣ ጥራቱ ዝቅተኛ የሆነ ዘይት ላለመጠቀም ግን በቂ ምክንያት ነው።

3. የጥራት ደረጃ

በኤ.ፒ.አይ. ምደባ «ኤስ» የቤንዚን፣ «ሲ» የናፍጣ ሞተር ዘይትን ያመለክታል። የቤንዚኑ ሁለተኛ ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደላት ተራ ወደ ኋላ በራቀ መጠን ደረጃው አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው «ኤስ.ፒ.» በዝቅተኛ ዙር ከጊዜው ቀድሞ የሚከሰትን የነዳጅ መቀጣጠል የሚቀንስ በመሆኑ፣ ነዳጅ በቀጥታ ለሚረጭባቸው ባለ ቱርቦ ሞተሮች ተስማሚ ነው። «ኤስ.ኤፍ.» እና መሰል የቆዩ ደረጃዎች ለዘመናዊ ሞተር አይሆኑም።

ለአውሮፓ ሠራሽ አውቶሞቢሎች እንደ መርሴዲስ ቤንዝ 229.5፣ ቢ.ኤም.ደብሊው ሎንግላይፍ-01 ወይም ፖርሽ ኤ40 ያለ የአምራች ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። «ፈቃድ ያገኘ» እና «ተስማሚ ነው» የሚሉ ጽሑፎች አንድ አለመሆናቸውን፣ እንዲሁም «ሲንተቲክ» የሚለው ቃል ብቻውን የጥራት ደረጃ አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

4. የካምቢዮ ዘይት

የካምቢዮ ዘይት ቁጥር የሚለካው በሌላ ሚዛን ነው። 75ደብሊው-90 የተባለው የካምቢዮ ዘይት በሙቀት ጊዜ ያለው ውፍረት ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር የሚቀራረብ ነው።

• የእጅ ማርሽ፦ ብዙዎቹ «ጂ.ኤል.-4» ይፈልጋሉ። ለዲፈረንሻል የሚዘጋጀው «ጂ.ኤል.-5» የሰልፈርና የፎስፈረስ ውሁዶች ስለሚበዙበት፣ ባልተፈቀደለት ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ አመሳሳይ የነሐስ ቀለበቶችን ሊጎዳና ማርሽ ማስገባትን ሊያስቸግር ይችላል።
• አውቶማቲክ፦ እንደ ዴክስሮን 6 ወይም ቶዮታ ደብሊው.ኤስ. ያለ በመመሪያው የተጠቀሰ ዓይነት ብቻ ይሞላል።
• ሲ.ቪ.ቲ.፦ ኃይል የሚያስተላልፈው በብረት ቀበቶ ስለሆነ የራሱ ዘይት አለው። የተራ አውቶማቲክ ዘይት አይሞላበትም።
• ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ፦ ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ለዚሁ የተዘጋጀ ዘይት ያስፈልገዋል።

5. አጠቃቀምና ክትትል

• መንገድ ሲጨናነቅ፣ አቧራ ሲበዛና አጫጭር ጉዞ ሲደጋገም፣ በመመሪያው ለከባድ አጠቃቀም የተቀመጠውን አጭር የመቀየሪያ ጊዜ ይከተሉ፤ ፊልትሮውንም አብረው ይቀይሩ።
• የዘይቱን መጠን በደልዳላ ቦታ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይለኩ።
• ቀዩ የዘይት ግፊት መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ከመንገድ ወጥተው በአስተማማኝ ቦታ ይቁሙና ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ። እስከ ጋራዥ ድረስ ለመድረስ መሞከር ሞተሩን ፈጽሞ ሊያበላሽ ይችላል።

6. በግዢ ወቅት ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

የዕቃው እሽግ ያልተከፈተ መሆኑን፣ የምርት መለያ ቁጥርና የተመረተበት ቀን በግልጽ መታተሙን ያረጋግጡ። እሽጉ ሲከፈትና ዘይቱ ሲሞላ በቦታው ይገኙ። ባዶው ዕቃ ለአስመስሎ ሻጮች እንዳይውል ቀድተው ወይም በስተው ያስወግዱ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሻጭ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ስላለበት ደረሰኝዎን ጠይቀው ይያዙ፤ ያለ ደረሰኝ የሚቀርብ አቤቱታን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

7. የተቃጠለ ዘይት አወጋገድ

የተቃጠለ ዘይት ለጤና ጎጂ የሆኑ ውሁዶችን ስለሚይዝ በእጅ መንካትም ሆነ በቦይ፣ በወንዝና በአፈር ላይ መድፋት አይገባም። በክዳን ዕቃ አጠራቅመው፣ ዘይት ሰብስቦ ለሚያስወግድ ጋራዥ ያስረክቡ።