እድርን ማን ይቆጥረዋል?

ከቤቴል ብዙም ሳይርቅ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ አለርት ሆስፒታል አለ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ነርስ በሐሳባችሁ ሣሉ። በ1960ዎቹ ቢሆን ኖሮ (ዓመተ ምሕረቱ የኛ ነው፤ የውጩን እ.ኤ.አ. እያልኩ እለየዋለሁ) የምትቀጠረው ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ነበር። አለርት በ1958 ሲመሠረት የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና የውጭ የሥጋ ደዌ መርጃ ድርጅቶች የተጣመሩበት ዓለም አቀፍ ማኅበር ነበር። ዛሬ ሆስፒታሉ የመንግሥት ነው። ነርሷ ያንኑ ቁስል ታጥባለች፣ ያንኑ ፋሻ ትጠቀልላለች፤ በስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ላይ ግን ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ተሻግራለች።

እዚያው ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። ስሙን ያገኘው የሥጋ ደዌን ተህዋስ በ1873 እ.ኤ.አ. ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። አሁን እሱም ወደ መንግሥት እጅ ገብቷል።

ይህን ያነሳሁት ወደ አንድ ጥያቄ ለመድረስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለትርፍ ያልተቋቋመው ዘርፍ ምን ያህል ትልቅ ነው? ከኬንያ ይበልጣል? ከስዊድንስ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ድርጅቶቹን ቆጥሮ መደመር ነው የሚመስለው። ችግሩ ያለው ምኑ ይቆጠራል የሚለው ላይ ነው።

ቆጠራውን በዓለም ደረጃ ከሞከሩት ሁሉ ስሙ የሚነሳው በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሌስተር ሳላሞን ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እሱና ባልደረቦቹ በብዙ አገሮች ካሉ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው አንድ የጋራ ሚዛን አበጁ። አንድ ድርጅት ለመቆጠር አምስት ነገር ማሟላት አለበት፦ የተደራጀ መሆን፣ ከመንግሥት ውጭ መሆን፣ ትርፍ ለባለቤቶች አለማከፋፈል፣ ራሱን በራሱ ማስተዳደር፣ አባልነቱም በፈቃደኝነት መሆን። በሕግ መመዝገብ ከመስፈርቶቹ ውስጥ የለም። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ቡድኑ ድርጅቶቹን መደርደር ትቶ ሰውና ሰዓት ቆጠረ። በጎ ፈቃደኞች የሰጡት ሰዓት እየተደመረ ወደ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ተቀየረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት በ35 አገሮች ውስጥ ዘርፉ 39.5 ሚሊዮን የሙሉ ጊዜ ሠራተኞችን የሚያህል ጉልበት ነበረው። ከዚህ ውስጥ 43 በመቶ ገደማው ያለ ደመወዝ የተሠራ ነው። የገቢ ምንጩ ደግሞ ብዙዎችን አስገርሟል። ከግለሰቦች፣ ከኩባንያዎችና ከፋውንዴሽኖች የሚመጣው ልገሳ 12 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ግማሽ በላዩ ከአገልግሎት ክፍያና ከአባላት መዋጮ፣ ሲሶ ያህሉም ከመንግሥት ካዝና የሚመጣ ነው።

በአገር በአገር ስናየው ልዩነቱ ሰፊ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዘርፉ ሥራ ላይ ሊሰማራ ከሚችለው ሕዝብ 14.4 በመቶ ያህል ነበር፤ አሜሪካ 9.8፣ ስዊድን 7.1፣ ኬንያ 2.1፣ ሜክሲኮ 0.4። አንደኛዋ አሜሪካ አለመሆኗን ልብ በሉ። የደች ሰዎች ከማንም በላይ ደግ ስለሆኑ አይደለም። እዚያ ካቶሊኮች፣ ፕሮቴስታንቶችና ሶሻሊስቶች የየራሳቸውን ማኅበር ገንብተው ሲፎካከሩ ኖረው፣ በ1917 እ.ኤ.አ. መንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችንም እንደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች እኩል ሊደጉም ተስማማ። ትምህርት ቤቱ የማኅበር፣ ገንዘቡ የመንግሥት ሆነ። ስዊድን ሌላ መንገድ ሄደች። ሆስፒታሉንና ትምህርት ቤቱን መንግሥት ያዘው፤ ለማኅበራት የቀረው ስፖርቱ፣ ዘፈኑ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ነው፤ የሚሠራበትም ሰው አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። ማለትም የዘርፉ ቅርጽ የአንድ አገር ፖለቲካ ትቶት ያለፈ አሻራ ነው።

በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ኬንያ አለች፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ አሉ፣ ግብፅም አለች። ኢትዮጵያ የለችም። እንግዲህ አሻራችንን ራሳችን እንፈልግ።

ሕጉ ላይ ከተጻፈው ብንጀምር፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበርን ሲተረጉም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ሌላ ዓላማ ይዘው የሚሰባሰቡበት ነው ይላል። ከሳላሞን ትርጉም ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ተመልከቱ፤ ያውም ከ30 ዓመት በፊት! ከዚያ በፊትም ማኅበር ነበር። የጣሊያን ወረራ በደጅ በነበረበት በ1927 ብቻ ቀይ መስቀልና የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሥርተዋል። ዛሬ ቲያትር ቤት ብለን የምናውቀው ሀገር ፍቅር ሲጀመር ሕዝቡን ለመከላከል የሚቀሰቅስ ማኅበር ነበር።

1950ዎቹ ግን ለየት ይላሉ። መርካቶና አካባቢው የሠፈሩ ጉራጌዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስቆርጡ ጀመር። ሥራውን ከአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቱ ጋር ነበር የሚሠሩት። በ1955 የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም እንዲሁ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለክሊኒክ ያዋጣ ነበር። ሁለቱም የዛሬ ባለሙያዎች «አካባቢ በቀል ልማት» የሚሉትን ነገር ማንም ሳያስተምራቸው ሠርተውታል። ዕጣቸው ግን ተለያየ። በ1959 ማኅበራት ሁሉ በአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ሜጫና ቱለማ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። መንግሥት ማኅበርን ሲቆጥር ለማወቅ ብቻ እንደማይቆጥር የኛ አገር ሰው ያን ጊዜ ነው የተማረው። ዛሬም አንድ መጠይቅ የያዘ ተመራማሪ የማኅበር በር ሲያንኳኳ የሚያየው ጥርጣሬ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ረሃቡ መጣ። በ1965 የወሎ ረሃብ ሲከፋ አብያተ ክርስቲያናትና የእርዳታ ድርጅቶች ተሰባስበው የክርስቲያን የእርዳታና ልማት ማኅበርን አቋቋሙ። የ1977ቱ ድርቅ ደግሞ የውጭ ድርጅቶችን በብዛት አመጣ። በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ስንዴ የጫነ መኪናና «ኤንጂኦ» የሚለው ቃል አንድ ላይ የተጣበቁት ያን ጊዜ ነው። ከ1983 በኋላ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም እየበዙ ሄዱ፤ ገንዘቡ ግን በአመዛኙ ከውጭ ነበር።

በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የመታውም ይህንኑ ነው። ድርጅቶችን በሦስት ከፈላቸው፦ የኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎች፣ የውጭ። በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታት የመሳሰለው ላይ መሥራት የተፈቀደው ለመጀመሪያዎቹ ብቻ ሆነ። እነሱም ከውጭ ማግኘት የሚችሉት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ አይበልጥም። የሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳባቸው ታገደ፤ ቅርንጫፎቻቸውንና ሠራተኞቻቸውን ቀነሱ። ብዙዎች ደግሞ «መብት» የሚለውን ቃል ከዓላማቸው ፍቀው «ልማት» ብለው ተመዘገቡ። ሠንጠረዡን ብቻ ላየ ሰው፣ ኢትዮጵያውያን በአንድ ዓመት ውስጥ ለመብት ማሰብ ትተው ለጉድጓድ ውሃ ማሰብ የጀመሩ ይመስለዋል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ፤ ድርጅቶች እንደገና ተመዘገቡ፣ አዳዲሶችም ተጨመሩ።

ሁለቱም አዋጆች የሚስማሙበት ነገር ግን አለ። እድርንና ዕቁብን ሁለቱም ከሕጉ ውጭ አድርገዋል። ለእድሮቹ ይህ ደግ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከሜጫና ቱለማ ታሪክ አንፃር ካየነው አለመመዝገብ ነፃነት ነው። ለቆጣሪው ግን አገር የሚያህል ነገር ከመዝገቡ ወጣ ማለት ነው። ቤቴል ውስጥ ኖራችሁ የምታውቁ፣ እድር የሌለበት መንደር ፈልጉልኝ እስቲ።

እድር መቼ ተጀመረ በሚለው ተመራማሪዎች ይለያያሉ። ብዙዎቹ ግን ከአዲስ አበባ ማደግ ጋር፣ ዘመዱን ትቶ ወደ ከተማ የመጣ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል ከሚለው ጭንቀት ጋር ያያይዙታል። ስለ እድር ብዙ የጻፉት አሉላ ፓንክረስት ከኢኮኖሚስቱ ስቴፋን ዴርኮንና ከሌሎች ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያንና የታንዛኒያን የቀብር ማኅበራት አይተው ነበር። ያገኙት፣ ደንባቸው በግልጽ የተለየ፣ መዋጮና ክፍያቸው የታወቀ ተቋማት መሆናቸውን ነው። ብድር የሚሰጡና ከሞት ውጭ ላለ ችግርም የሚደርሱ አሉባቸው።

ታዲያ እድር አምስቱን መስፈርት ያልፋል? የተደራጀ ነው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። የመንግሥት አይደለም። ራሱን ያስተዳድራል። ሦስተኛው ላይ ክርክር ይነሳል፤ ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ገንዘብ ትርፍ ክፍፍል ነው ወይስ እርዳታ? እኔ እርዳታ ነው እላለሁ፤ ማንም ሀብታም እሆናለሁ ብሎ እድር አይገባም። (ዕቁብ ግን ይወድቃል፤ ያዋጣኸውን ያንኑ ነው ተራህ ሲደርስ የምትወስደው።) የሚያስቸግረው አምስተኛው ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳን ተከላ የቀረም ይቀጣል። ደግሞስ ጭራሽ እድር የሌለው ሰው በሰፈሩ ምን ተብሎ ይታያል? «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ ይጨንቀዋል። ስዊድን ውስጥም ቢሆን የልጁን የእግር ኳስ ቡድን የማያግዝ አባት ጎረቤት ያየዋል፤ ልዩነቱ ቅጣቱ በደብተር አለመጻፉ ነው።

አልፏል ብንልና ብናሰላውስ? የሚከተለው ምሳሌ እንጂ የተለካ አይደለም። 200 አባላት ያሉት አንድ እድር በዓመት 15 ቀብር ያጋጥመዋል እንበል። በእያንዳንዱ 20 ሰው ድንኳን በመትከል፣ ወንበር በማመላለስ፣ ንፍሮ በመቀቀልና ለቀስተኛ በማስተናገድ ስምንት ስምንት ሰዓት ይሰጣል። 2,400 ሰዓት ነው። አንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በዓመት ወደ 2,000 ሰዓት ይሠራል ብንል፣ ይህ አንድ እድር ከአንድ ሠራተኛ በላይ ጉልበት አለው ማለት ነው። ጸሐፊው ደብተር የሚሞላበትን፣ ጥሩንባ ነፊው በሌሊት የሚዞርበትን አልጨመርኩም። አሁን በከተማው ባለው እድር ሁሉ፣ ከዚያም በገጠሩ አባዙት።

ይህ ሲጨመር የአገሪቱ ሥዕል ይቀየራል። በመዝገቡ ብቻ ስናያት ኢትዮጵያ በውጭ ገንዘብና በደመወዝተኛ የሚንቀሳቀስ፣ አገልግሎት አቅራቢ ዘርፍ ያላት አገር ናት። እድሩ ሲገባ ገንዘቡ የአባላት መዋጮ፣ ጉልበቱም የበጎ ፈቃደኛ ይሆናል፤ ቅርጹ ከኔዘርላንድስ ይልቅ ወደ ስዊድን ይጠጋል። ይህ ተራ የምሁራን ጨዋታ አይደለም። «ኢትዮጵያ ውስጥ ሲቪል ማኅበረሰብ ደካማ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በስንት የለጋሾች ሪፖርት ላይ ተጽፎ፣ በሱ ላይ ስንት በጀት ተመሥርቷል።

ለመቆጠር መንገድ አለ? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ዘርፉን ከብሔራዊ ሒሳብ ለይቶ የሚያወጣ መመሪያ አሳትሟል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. የበጎ ፈቃድ ሥራ መለኪያ መመሪያ አውጥቷል፤ በድርጅት ሥር የተሰጠውን ብቻ ሳይሆን ሰው ለጎረቤቱ በቀጥታ የሰጠውን ጭምር ይለካል። እኛም ጋ ጅምር አለ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 የመጀመሪያውን የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዷል፤ ሰዎች ያለፉትን 24 ሰዓታት በምን እንዳሳለፉ ነበር የሚጠየቁት። የእድር ሥራ ግን በየቀኑ የሚሠራ አይደለም። ወር ሙሉ ምንም ሳይኖር ይቆይና በሁለት ቀን ውስጥ መንደሩን ሁሉ ከቤቱ ያስወጣል። ጠያቂው ትናንት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ ብሎ በሩን የሚያንኳኳው ደግሞ ለቅሶ በሌለበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ለቅሶ ባለበት ቀን ከመጣም ሰዎቹን ቤት አያገኛቸውም፣ ድንኳኑ ጋ ናቸው።