ማን ላከህ?

ልጅ ሳለሁ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አንጠልጥዬ በረኪና ልገዛ ሱቅ እላክ ነበር። መቼም በእኛ ጊዜ ልጅ የማይላክበት ነገር የለም፤ ስኳሩም፣ ላምባውም፣ በረኪናውም እኩል ነው። ባለሱቁ «ማን ላከህ?» ይለኛል። «እማዬ!» እላለሁ። በቃ፣ ምርመራው አለቀ። በረኪናውን ከጀሪካን ቀድቶ ይሰጠኛል፤ ጠርሙሱ ላይ ግን የለስላሳው ስም እንደተጻፈ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ የእንግሊዞች የመርዝ ሕግ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚያ አገር አርሴኒክ የአይጥ መርዝ ተብሎ በየግሮሰሪው በሳንቲም ይቸረቸር ነበር። ነጭ ነው፤ ከዱቄትና ከስኳር አይለይም። በዚህ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1851 እ.ኤ.አ. ፓርላማው ሕግ አወጣ። ሻጩ ለማያውቀው ሰው ያለ ምስክር እንዳይሸጥ፣ የገዢው ስምና የገዛበት ምክንያት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር፣ አካለ መጠን ላልደረሰ ፈጽሞ እንዳይሸጥ ተደነገገ። በችርቻሮ የሚሸጠውም መልኩ እንዲለይ ጥላሸት ወይም ሰማያዊ ቀለም እንዲቀላቀልበት ታዘዘ። «ሴቶችም አይግዙ» የሚል ሐሳብ ሁሉ ቀርቦ ነበር፤ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጽፎ አጥብቆ ስለተቃወመ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ሐሳቡ ሕጉ ውስጥ ሳይገባ ቀረ።

እሰየው ያሰኛል። ግን ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1858፣ ብራድፎርድ ከተማ ምን ሆነ? በዚያ ዘመን ከረሜላ ሠሪዎች ስኳር ሲወደድባቸው የጀሶ ዱቄት ይቀላቅሉ ነበር። አንዱ ይህንኑ ዱቄት እንዲያመጣለት ሰው ወደ መድኃኒት ሻጭ ላከ። ባለቤቱ ታሞ ተኝቷል፤ ረዳቱ ከተሳሳተ በርሜል 12 ፓውንድ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ተኩል ያህል፣ መዝኖ ሰጠ። አርሴኒክ ኖሯል! ከረሜላው ገበያ ወጣ። በመጀመሪያ የሞቱት ሁለት ልጆች በኮሌራ የሞቱ መስሎ ነበር። በመጨረሻ 21 ሰው ሞተ፤ ከ200 በላይ ታመመ። የተፈረደበት ሰው ግን አልነበረም።

ልብ በሉ፤ የተላከው ልጅ አልነበረም፣ ጎልማሳ ነው። ዕድሜውን ቢጠይቁት፣ ስሙን ቢመዘግቡት ምን ሊፈይድ? ጥፋቱ ስም ያልተጻፈበት በርሜል ላይ ነው። በ1868 የወጣው ሕግ ይህን ክፍተት ለመድፈን ሞከረ፦ መርዝ የሚሸጠው የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ፣ ዕቃው ላይ የመርዙ ስም፣ «መርዝ» የሚለው ቃልና የሻጩ አድራሻ ይጻፍ አለ።

የዕድሜው ጥያቄ በዘመናችንም ተመልሷል። ለንደን ውስጥ ሰው ፊት ላይ አሲድ መድፋት ሲበረታ፣ እንግሊዞች በ2019 ባወጡት ሕግ የሚያቃጥሉ ኬሚካሎችን ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ወንጀል አደረጉ፤ ድንጋጌው በ2022 ሥራ ላይ ዋለ። ደግ አደረጉ። ልጅ ግን ገዢ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ገዝቶ ያስቀመጠውን አንስቶ የሚጠጣም እሱ ነው። ስለዚህ ሕግ ገዢውን «ማን ነህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ዕቃውንም «ምንድን ነህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ባለፈው ሳምንት ቤቴ፣ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ፣ ውሃ የመሰለ ነገር የያዘ የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ አየሁ። ከፍቼ ባሸተው በረኪና ነው። ማን አስቀመጠው ብዬ ልቆጣ ስል ትዝ አለኝ፤ የገዛሁትም ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ። ያን ዕለት ባለሱቁ «ማን ላከህ?» አላለኝም። ሽበቴን አይቶ ይሆናል።