ቢሾፍቱ፤ የአፋፉ ታሪክ

አንድ ሰው ይህችን ከተማ በምን ስም እንደሚጠራት ያዳመጠ ዕድሜውንና አመጣጡን በግምት ሊደርስበት ይችላል። በአየር ኃይል ግቢ ዙሪያ ያረጀው እስከ ዛሬ «ደብረ ዘይት» ይላታል። ሐይቁ ዳር ተወልዶ ላደገው ገበሬ ግን ድሮም ዘንድሮም ቢሾፍቱ ናት። በ1940ዎቹ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በኢየሩሳሌሙ ተራራ ስም ሰየሟት፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዚህች ከተማ ሁለት ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም በእንግድነት ተመላልሼባታለሁ። ነዋሪም እንግዳም ሆኜ ሳያት የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ታሪኳ ከውኃው ይልቅ በአፋፉ ላይ የተጻፈ መሆኑን ነው።

ነገሩ ከተፈጥሮ ይጀምራል። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ ወንዝ ሞልቶ ያቆራቸው ሐይቆች አይደሉም። ከምድር ሆድ የወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። ስለዚህ ዳርቻቸው እንደ ጣና ወይም እንደ አዋሳ ለጥ ያለ ሳይሆን እንደ ድስት ግድግዳ ቁልቁል የሚወርድ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። ወደ ውኃው የሚያወርዱት መንገዶች ጥቂት በመሆናቸው፣ አፋፉን የያዘ ሐይቁን ያዘ ማለት ነው።

ታዲያ አፋፉን እነማን ያዙት? ከሁሉ አስቀድሞ የአካባቢው ኦሮሞ ነው። በኦሮምኛ «ሆራ» ከብት የሚጠጣው ማዕድናማ ውኃ ነውና፣ ስሙ ራሱ ያ ቁልቁለት የመንጋ መውረጃ እንደነበር ይጠቁማል። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድም ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ሆራ አርሰዲ ይወርዳል፤ ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። ይህ በዓል እሬቻ ነው።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ቢሾፍቱን አቋርጦ አለፈ፤ ሐይቁም ለዋና ከተማው ቅርብ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሐይቅ የሚያይ ቤተ መንግሥት ሠርተው በስደት በኖሩበት በእንግሊዝ አገር ቤት ስም «ፌርፊልድ» አሉት። በ1938 ዓ.ም. ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን አየር ኃይሉን ለማደራጀት መጣ፤ ሐረር ሜዳም የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ሆነ። ዛሬም ድረስ ከተማዋ የወታደር ቤተሰብ ጠባይ አላት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ኑሮ ይሻሻልልን ብለው ከተነሡት የጦር ክፍሎች አንዱም እዚሁ የነበረው አየር ኃይል ነው።

ከዚያ በኋላ ተራው የሪዞርቶች ሆነ። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሥራ ሲጀምር ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣው መኪና በረከተ። እንግዳው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል፤ ዓሣውን ይበላል፤ እሑድ ማታ ይመለሳል። ይህን አልነቅፍም። ብዙ የከተማዋ ወጣት እንጀራውን የሚያገኘው ከዚሁ ነው።

ነዋሪ ስሆን ያየሁት ሐይቅ ግን ሌላ ነበር። አከራዬ የአየር ኃይል ጡረተኛ ነበሩ። ከግቢያችን እስከ ውኃው አሥር ደቂቃ አያስኬድም፤ ነገር ግን በመካከሉ አጥር አለ። ማኪያቶ ካላዘዝኩ በቀር ውኃውን የማይበት ቦታ አልነበረኝም። «ድሮ ልጆቼን እዚያ ነበር ዋና ያስተማርኋቸው» ይሉኝ ነበር፣ በጣታቸው ወደ አጥሩ እያመለከቱ። እንግዳ የማያውቀውን የሐይቁን ጠባይም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፦ በብርዱ ወራት ዓሣው በአንድ ሌሊት አልቆ ያድራል። ምክንያቱ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ሲሰጥም፣ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ወደ ላይ መውጣቱ ነው።

ስለ አፋፉ ሲነሣ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. አይረሳም። በዚያ የእሬቻ ዕለት ተቃውሞ ተነሣ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ የሸሸው ሕዝብ እየተረጋገጠ ጥልቅ ቦይ ውስጥ ወደቀ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ከ50 በላይ ሲያደርሰው፣ ሌሎች ከዚያ እጅግ ይበልጣል ብለዋል። ለምስጋና ወደ ውኃው የወረደ ሰው በሕይወት መመለስ አለመቻሉን ከተማዋ እስከ ዛሬ በዝምታ ታስታውሰዋለች።

እንግዲህ ለነገ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሆራ በዓመት አንድ ቀን የሕዝብ ነው። በቀሩት ቀናትስ? ያልታጠረው አፋፍ ተሸንሽኖ ሳያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ሐይቅ አንድ አንድ መውረጃ ያለ ክፍያና ያለ ዘበኛ ለነዋሪው ይከለልለት። የሐይቅ ከተማ ልጅ ዋና ለመማር የሆቴል እንግዳ መሆን አይገባውም።