ከሮማ በፊት፤ ብስክሌተኞቻችን በሜልቦርን

ስለ ኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ታሪክ ሲነሣ የሁላችንም ሐሳብ የሚሄደው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ወዳገኘው ድል ነው። ዳሩ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ ብስክሌተኞቻችን ያሳዩት ጽናት ሊዘነጋ አይገባውም። ዘመኑ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ገና በዚህ በልደታ የነበረበት ነው።

የጎዳናው እሽቅድምድም የተደረገው ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. ሲሆን ርዝመቱ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ኢጣልያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን በመገስገስ በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ለቡድን ውጤት የተለየ ጉዞ አልነበረም፤ ከየአገሩ ቀድመው የገቡት የሦስቱ ተራ ቍጥር ይደመር ነበር እንጂ። በዚህም ስሌት እነ ገረመው ደንቦባ ለኢትዮጵያ 9ኛነትን አስገኙ።

ከዚህ የምንረዳው፣ እያንዳንዱ ጋላቢ ለብቻው ቢደክምም ድካሙ የአገር መሆኑን ነው። ሜዳልያ ስላልመጣ ነገሩ ተረሳ። ታሪክ ግን በወርቅ ብቻ ከተጻፈ ጎደሎ ይሆናል። ስለዚህ በየቤቱ ያለው ፎቶግራፍና የሽማግሌዎች ቃል ሳይጠፋ መሰብሰብ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው።