በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈው የአገር መዝገብ

የኢትዮጵያን የቀደመ ታሪክ መዝገብ የሚሻ ሰው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይልቅ የቤተ ክርስቲያንን ዕቃ ቤት ቢጠይቅ ይቀርበዋል። ነገሥታት ለገዳም ርስት ሲሰጡ ስጦታው ከምስክሮቹ ስምና ቃሉን በሚያፈርስ ላይ ከሚወርደው ግዝት ጋር በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ወይም በኅዳጉ ላይ ይጻፍ ነበር። የገዳሙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ዝርዝርም አብሮ ይሰፍራል። በመንበር ላይ የሚቀመጠውን መጽሐፍ ለመፋቅ የሚደፍር ጥቂት ነውና ምርጫው በማስተዋል የተደረገ ነበር።

ችግሩ፣ ኅዳጉን ማንበብ የሚችለው ዕቃ ቤቱ የሚከፈትለት ብቻ መሆኑ ነው። አባቶች በሩን ማጥበቃቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእንግድነት ገብቶ ብራና ይዞ የወጣው ብዙ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ለንደን ተወስደዋል።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሥራ ግን መጽሐፉን ከቦታው ሳያፈልስ ምስሉን የሚወስድ ነበር። ከመንበረ ፓትርያርክ ጋር በተደረገ ስምምነት፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ተባባሪ ሆኖ፣ 9 ሺህ ያህል ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሡ። ከእነዚህ አንዱ በ1832 ቁጥር የተመዘገበው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳማቸው የሰጡት፣ የራሳቸው ሥዕል ያለበት።

ፊልም ብቻውን ግን ድዳ ነው። አንደበት የሰጡት በዋናነት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በወታደሮች ተኩስ ቆስለው ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ያሳለፉት እኒህ ሊቅ፣ ብዙ ብራና አንብበው ይዘቱን፣ ባለቤቱንና በኅዳጉ ያለውን ሁሉ መዘገቡ። ከሌሎች ሊቃውንት ጋር የተዘጋጁት 10 የታተሙ ጥራዞች እስከ 5 ሺህኛው ብራና ይደርሳሉ።

ዛሬ ፊልሞቹ ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጠው በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ይታያሉ። የሚጠየቀው ያለ ክፍያ መመዝገብ ብቻ ነው። በደሴም በዋሽንግተንም ያለ የግእዝ ተማሪ የሐይቁን ወንጌል በስልኩ መግለጥ ይችላል። ምስሉ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ ቅዱሳት ስሞች የተጻፉበት ቀይ ቀለም ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ የብራናው ውፍረት፣ የድጉሱ አሠራርም አይዳሰስም። ሆኖም ፊልሙ ሌላ ጥቅም አለው፦ ብራናው ከቦታው ቢሰረቅና በባዕድ ገበያ ቢገኝ የማን እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ይህም ቢሆን ምስል ከብራና ይልቅ ይጸናል ማለት አይደለም። የለንደኑ ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ መጻሕፍት ብዙዎቹን በኢንተርኔት ከለቀቀ በኋላ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የሳይበር ጥቃት ደረሰበትና ምስሎቹ ለብዙ ወራት ከእይታ ጠፉ። በዚያ ጊዜ ለንደን መሄድ ያልቻለ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የአባቶቹን መጽሐፍ ከነምስሉ አጣ። በሐይቅ ግን ዕቃ ቤቱ በቁልፍ እንደ ተዘጋ፣ ብራናውም በማኅደሩ እንዳለ ነበር።