«ፍሪስክ»፦ ከመቦረቅ ወደ ፍተሻ

«ፍሪስክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ሲጀምር የደስታ ቃል ነበር። ንቁ ከሚል የፈረንሳይኛ ቅጽል መጥቶ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ጥጃ መቦረቅን ይገልጽ ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ግን የእንግሊዝ ሌቦች በአራዳ ቋንቋቸው የሰውን ልብስ መበርበርን «ፍሪስክ» አሉት። ኋላ ፖሊስ ወረሰው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖሊስ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካለው ሰውን ከልብሱ በላይ ዳስሶ መሣሪያ እንዲፈልግ ፈቀደ፤ ድርጊቱ ክብርን እንደሚነካ፣ እንደ ዋዛ ሊታይ እንደማይገባም አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ተዘነጋ። በ2011 የኒውዮርክ ፖሊስ ከ685 ሺህ ጊዜ በላይ መንገደኛ አስቆመ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ነበሩ፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ያለ ክስ ተለቀቁ። በ2013 አንዲት የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል ሲሉ ፈረዱ።

ቃሉ ዛሬም ለጆሮ ቀላል ነው። ለሚፈተሸው ወጣት ግን ጨዋታ አይደለም።