ፊደል የለየ ጆሮ

ደብተራችሁን ከመግለጣችሁ በፊት አንድ ታሪክ ስሙ።

ግንቦት 17 ቀን 1920 ዓ.ም. «ኢታሊያ» የተባለች የጣሊያን የአየር መርከብ በሰሜን ዋልታ አካባቢ በረዶ ላይ ወደቀች። የተረፉት ሰዎች በትንሽ ሬዲዮ «ድረሱልን!» ቢሉም ሰሚ አጡ። ግንቦት 26 ቀን ግን በአንዲት የሩሲያ መንደር ኒኮላይ ሽሚት የተባለ ወጣት፣ በገዛ እጁ በሠራው ሬዲዮ ጥሪውን ሰማ። ወዲያው ወደ ሞስኮ ቴሌግራም ተላከ። መሪያቸውን ኖቢሌን አውሮፕላን አስቀድሞ አነሣው። ሐምሌ 5 ቀን ደግሞ «ክራሲን» የተባለችው የሶቪየት መርከብ በረዶውን እየሰበረች ደርሳ 7 ሰዎችን አዳነች።

ልብ በሉ! ጥሪው የመጣው በነጥብና በሰረዝ ፊደል ነበር። ሽሚት ያንን ፊደል ባይማር ኖሮ፣ የሰማው ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ብቻ በሆነ ነበር። እናንተም ፊደላችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ መቼ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅምና።